ስለ ገብርኤል ፎሬ የሙታን ጸሎት ዜማ

ሰሙ የበዛበት ቅኔ ወርቁን እንደሚሸፍን ቅኔ የቈጠረ ሰው ኹሉ ያውቃል። ስለዚህ መምህር የተማሪውን ቅኔ ሲያርም ከሚጨምርለት ይልቅ የሚያስተወው ይበዛል። ይህን የመተው ጥበብ በፈረንሳዊው ዜማ ደራሲ በገብርኤል ፎሬ ሥራ እናገኘዋለን።

ፎሬ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1845 ዓ.ም. በደቡብ ፈረንሳይ ፓሚየ በምትባል ከተማ ተወለደ። በ9 ዓመቱ ለቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺዎችንና የመዘምራን አለቆችን ወደሚያወጣው በፓሪስ ወደሚገኘው የኒደርማየር ትምህርት ቤት ገብቶ፥ 11 ዓመት ተቀምጦ የላቲኖችን ጥንታዊ ዜማ ተማረ። ዃላም ማድሌን በምትባለው በፓሪስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ዘመን አገለገለ።

በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በጥር 1888 ዓ.ም. ሬኩየም የተባለውን የሙታን ቅዳሴ በዜማ አሰማ። ከእርሱ በፊት እነ ቤርሊዮዝና እነ ቬርዲ «ዲየስ ኢሬ» የተባለውን የቍጣ ቀን መዝሙር በከበሮና በመለከት አስፈሪ አድርገውት ነበረ። ፎሬ ግን ከዚህ መዝሙር የመጨረሻውን የምሕረት ልመና ብቻ አስቀርቶ ለአንድ ድምፅ ሰጠው፤ በፍጻሜውም አስከሬን ወደ መቃብር ሲሸኝ የሚባለውን የገነት ዜማ ጨመረበት።

ስለዚህ አንዳንዶች «የሞትን ፍርሃት አይገልጥም» ብለው ነቀፉት። ነቀፋው ቀላል አይደለም፤ ፍርድን ሳያስታውሱ ማጽናናት ሽንገላ ነውና። ነገር ግን ዃላ በጨመረው «ሊቤራ ሜ» በተባለው ክፍል የቍጣው ቀን በስሙ ይጠራል፤ ቀንደ መለከትም ይነሣል፤ ወዲያውም ጸሎቱ በዝግታ ይመለሳል። እንግዲህ ፎሬ ፍርሃትን በልኩ አኖረው እንጂ አልካደውም። እውነተኛ ጕድለቱ ሌላ ነው፤ ዜማው እጅግ ለስላሳ ከመኾኑ የተነሣ ያልነቃ ጆሮ ሳያስተውለው ያልፋል።

ከ1905 እስከ 1920 ዓ.ም. ኮንሰርቫቷር የተባለውን የፓሪስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲመራ ጆሮው እየደከመ ሄደ፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ድምፅም ተዛብቶ ይሰማው ነበረ። እርሱ ግን መድረሱን አልተወም። በ1924 ዓ.ም. ለ4 ባለ አውታር መሣሪያዎች የደረሰውን የመጨረሻ ሥራውን ፈጽሞ፥ በዚያው ዓመት በ79 ዓመቱ ዐረፈ። መንግሥት በማድሌን የስንብት ሥርዐት ባደረገለት ጊዜ የተዘመረለት ያው ሬኩየም ነበረ። ለሌሎች ማጽናኛ ያዘጋጀው ዜማ ለራሱም በቃው፤ ለነቀፉትም ከዚህ የሚበልጥ መልስ የለም።