«ሟሟ» እና «ፈጠረ»፤ በአዮኖች አገላለጽ ላይ የቀረበ ሒስ

አንድ ማንኪያ ስኳርና አንድ ማንኪያ ጨው በየብርጭቆው ውሃ ሲበጠበጡ ለዐይን የሚታየው ነገር አንድ ነው። ጠጣሩ ይጠፋል፤ ውሃው ጥርት ብሎ ይቀራል። አማርኛም ዐይን ያየውን ተከትሎ ሁለቱንም «ሟሟ» ይላቸዋል። ለጓዳ ሥራ ይህ ይበቃል። ለኬሚስትሪ ግን አይበቃም፤ ከጠፉት ነገሮች አንዱ አዮኖችን ለውሃው ሲያስረክብ፣ ሌላው አንድም አዮን አይሰጥምና።

ይህ ጸሐፊ በትርጉም ረቂቆች ውስጥ ደጋግሞ ያገኘው ዐረፍተ ነገር የሚከተለውን ይመስላል፤ «ጨውና አሲድ በውሃ ሲሟሙ አዮኖችን ይፈጥራሉ»። ሰዋስዉ ነቀፋ የለበትም። ጸሐፊው ራሱ ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር ሳያርም አሳልፎታል። ስሕተቱ ያለው «ይፈጥራሉ» በሚለው ግሥ ላይ ነው፤ ስለ አሲድ እውነት ሲናገር ስለ ጨው ግን ሐሰት ይናገራል።

የገበታ ጨው ጠጣር ሳለም የሶዲየምና የክሎራይድ አዮኖች ድርድር ነው። ለዚህም ምስክሩ፣ በ801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የቀለጠ ጨው አንድ ጠብታ ውሃ ሳይነካው ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ ነው። እንግዲህ የውሃ ሥራ የነበሩትን አዮኖች ማላቀቅና እያንዳንዱን መክበብ እንጂ መፍጠር አይደለም። ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለው ጋዝ ግን ከውሃ በፊት አዮን የለውም፤ ሃይድሮጅኑና ክሎሪኑ ኤሌክትሮኖችን በጋራ ይዘው አንድ ሞለኪውል ሆነው ይኖራሉ። ከውሃ ሲገባ ሞለኪውሉ ፕሮቶኑን ለውሃ ይሰጣል፤ የሃይድሮኒየምና የክሎራይድ አዮኖች ያን ጊዜ ይገኛሉ። ስኳር በበኩሉ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ከመላቀቃቸው በቀር ምንም ለውጥ አይደርስበትም።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ እንዳይመስል አንድ ልኬት እናንሣ። አንድ ሞል ስኳር በአንድ ኪሎግራም ውሃ ቢሟሟ የውሃውን መቀዝቀዣ ነጥብ በ1.86 ዲግሪ ገደማ ይቀንሰዋል። አንድ ሞል ጨው ግን ወደ እጥፍ ተጠግቶ ይቀንሰዋል፤ ከአንዱ ሞል ሁለት ሞል አዮን ወጥቷልና። «ሟሟ»ን ብቻ ይዞ የቀረ ተማሪ ይህን እጥፍ ከየት ያመጣዋል?

ስሕተቱ የአማርኛ ብቻ አይደለም። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬንየስ እ.ኤ.አ. በ1887 ንድፈ ሐሳቡን ሲያትም ጨው በውሃ ውስጥ ከሞለኪውልነት ወደ አዮንነት እንደሚከፈል አድርጎ ነበር የተረዳው። ለዘመኑ ታላቅ እርምጃ ነበር፤ በ1903ም የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ይሁን እንጂ ብራግ አባትና ልጅ በ1913 በኤክስሬይ የጨውን ክሪስታል ሲመረምሩ፣ እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎራይዶች ተከቦ ተገኘ እንጂ ለብቻው የተለየ የጨው ሞለኪውል አልተገኘም። የአውሮፓ ቋንቋዎች የቀድሞውን ስያሜ ይዘው ቀጠሉ። እኛ ግን ቃል የምንመርጠው ዛሬ ነውና ከስያሜው ጋር የ1887ን ግምት የምንወርስበት ምክንያት የለም።

«አዮን» የሚለውን ስም እንዳለ መዋሳችን ተገቢ ነው። ፋራዴይ በ1834 ያስተዋወቀው ይህ ቃል በግሪክ «ሂያጅ» ማለት ቢሆንም መተርጐሙ የሚጨምረው ብርሃን የለም። ስሙን ብንዋስም ግሡን የምንሰጠው ግን እኛ ነን፤ ስሕተትም የሚገባው በግሡ በር ነው።

ለጨው ሊታሰቡ የሚችሉ ቃላትን እንመዝን። «መበተን» አይስማማም፤ ጭቃም በውሃ ይበተናል፣ ቆይቶም ይዘቅጣል። «ፍች» ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ትርጉም፣ ለዳኛ ደግሞ የትዳር መፍረስ ነው፤ ሦስተኛ ሸክም አይችልም። «መለያየት» ግን ከ«ለየ» ወጥቶ የእርስ በርስነትን የሚያመለክት ስለሆነ ባለቤቱ አስቀድሞ ከአንድ በላይ መሆን አለበት። «ጨው ተለያየ» ቢባል ጆሮ አይቀበለውም፤ «የጨው አዮኖች ተለያዩ» ማለት ግድ ይሆናል። ሰዋስዉ ራሱ ተርጓሚውን ወደ እውነቱ ይመራዋል።

ለአሲድ «ወደ አዮንነት መለወጥ» ይሻላል፤ «ተለወጠ» ያለ ሰው ቀድሞ ሌላ ነገር እንደነበረ መስክሯልና። ለውጡ ሙሉ ነው ወይስ ከፊል የሚለውም በተውሳከ ግሥ ይገለጽ። በኮምጣጤ ውስጥ የሚገኘው አሴቲክ አሲድ በሊትር 0.1 ሞል ሲሆን፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ100 ሞለኪውሎቹ በአንድ ጊዜ ወደ አዮንነት ተለውጠው የሚገኙት 1.3 ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ «በከፊል» የምትለው ቃል ጌጥ ሳትሆን የትርጉሙ አካል ናት።

«ሟሟ»ም ከቦታው አይነሣ፤ የሦስቱም የጋራ ስም ሆኖ ይኑር። ከሥሩ ግን ስኳር ይሟሟል፤ ጨው ሲሟሟ አዮኖቹ ይለያያሉ፤ አሲድ ሲሟሟ ሞለኪውሎቹ በሙሉ ወይም በከፊል ወደ አዮንነት ይለወጣሉ እንበል። በአማርኛ ተምሮ ወደ እንግሊዝኛ ትምህርት የሚሻገር ልጅ አዲሱን ቃል በቀላሉ ይለምደዋል። አስቀድሞ በግሥ የተተከለበትን የተሳሳተ ሥዕል ግን በቀላሉ አይነቅለውም።