ሰሊጥ፣ ክረምትና ድንበር፦ የመተማ ማደሪያ ቤቶች የዓመት ዑደት

የመተማ ዮሐንስ ማደሪያ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚታዩት እንደ ድንበር ተሻጋሪ ማረፊያ ነው። ከተማዋን ከሱዳኗ ገላባት የሚለያት ጠባብ ወንዝ ብቻ በመሆኑ ዕይታው ምክንያት አለው። ነገር ግን የአልጋውን መሙላትና መጉደል የሚወስነው ከመንገዱ ይልቅ እርሻው ነው። በመተማ፣ በሸዲ (ገንዳውሃ)፣ በሽንፋና በኮኪት የሚገኙ አልቤርጎዎች ዓመቱን የሚቆጥሩት በሰሊጥ ነው።

ቆላው እንግዳ መቀበል የጀመረው አልቤርጎ ከመምጣቱ በፊት ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1771 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ከጎንደር ተነሥቶ በዚሁ ቆላ ባለው በራስ ኤል ፊል በኩል ወደ ሱዳኗ ስናር ሲወርድ ታሞ በአካባቢው ሰዎች ዘንድ ለሳምንታት ተቀምጧል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መተማ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ የተክሩር ሙስሊሞች የሚያስተዳድሯት ታላቅ ገበያ ነበረች፤ ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ ከብትና ባሪያ፣ ከሱዳን በኩል ደግሞ ጨርቅና ሌላ ሸቀጥ ይገናኙባት ነበር። ሲራራ ነጋዴ የሚያድረው በድንኳኑ ወይም በወዳጁ ግቢ ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዞች ስለሚሞሉና የቆላ ንዳድ ስለሚበረታ ጉዞው ይቆም ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የወደቁበት የመተማ ዘመቻም የተካሄደው በበጋ ነው።

ዛሬ ያለው ማደሪያ የከተማ ቡና ቤት ልጅ ነው። ከፊት መጠጥ ቤት፣ ከኋላ ግቢውን ከብበው የተደረደሩ ትናንሽ ክፍሎች አሉት። ጥላና ነፋስ በዚህ ቆላ ከግድግዳ ይበልጣሉ፤ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ብዙዎች አልጋቸውን ወደ ግቢ አውጥተው ይተኛሉ። የመጠጥ ቤቱን ገቢ ድንበሩ አግዞታል፤ ሱዳን በ1983 እ.ኤ.አ. የሸሪዓ ሕግ ደንግጋ አልኮል ከከለከለች ወዲህ ለመጠጥ የሚሻገር ደንበኛ ተገኝቷል።

የእርሻው ዓመት የሚከፈተው በሰኔ ዝናብ ነው። ጥቁሩ መረሬ አፈር ሲርስ የእርሻ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ ያም ሆኖ ከተማው አይራቆትም። በሐምሌና በነሐሴ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከሌሎች የደጋ ቦታዎች ለአረም የሚወርደው የቀን ሠራተኛ የመጀመሪያው ማዕበል ነው። አብዛኛው ግን አልጋ አይከራይም፤ ቀጣሪ እስኪያገኝ በየበረንዳውና በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያድራል፣ ከዚያም ወደ እርሻ ካምፕ ይወሰዳል።

ሁለተኛው ማዕበል ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ይዘልቃል። የደረሰ ሰሊጥ ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ ይረግፋል፤ ስለዚህ ሁሉም ባለ እርሻ በአንድ ጊዜ ሠራተኛ ይፈልጋል፣ የሥራ ዋጋም ይንራል። ደላላው፣ የትራክተርና የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ የምርት ገዢው የሚሰበሰቡት በዚህ ጊዜ ነው። ከተከፈለው ደሞዝ ከፊሉ ወደ ደጋ ሳይመለስ በምግብ፣ በመጠጥና በአልጋ እዚያው ይቀራል። ማሽላና ጥጥ ወቅቱን እስከ ጥር ያራዝሙታል።

በበጋው ቀሪ ወራት እርሻው ዝም ሲል ሌላ ደንበኛ ይተካል። ዋልያ መቀር የተባለው የዕጣን ዛፍ የሚደማው በደረቁ ወራት ስለሆነ ሙጫ ሰብሳቢና ነጋዴ በከተማው ያልፋል። ወደ ሱዳንና ከዚያም ወደ ሊቢያ የሚያመራ ስደተኛም በደላላ እጅ በነዚሁ ክፍሎች ተደብቆ ይቆያል።

ስለ አካባቢው የተጻፉ የጤናና የስደት ጥናቶች በነዚህ ቤቶች ላይ ያተኮሩት ኤችአይቪን፣ ካላዛርንና ሕገወጥ ዝውውርን ይዘው ነው። ስጋቱ እውነት ነው። መተማና ሁመራ ከአገሪቱ ዋና የካላዛር ቀጠናዎች ናቸው፤ በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጠቀ መረሬ አፈርና በግራር ሥር ትገኛለች፣ ይበልጥ የምትነድፈውም ሜዳ ላይ የሚያድረውን ሠራተኛ ነው። ይህ መረጃ ግን ያልተጠየቀ ጥያቄ ያስነሳል፤ ዋናው አደጋ ማደሪያ ቤቱ ነው ወይስ ማደሪያ ማጣት? ቤቶቹን በሽታ የሚተላለፍበት ቦታ አድርጎ ብቻ ማየት በውስጣቸው የሚሠሩትን ሴቶች ከሠራተኛነት ወደ ተጋላጭነት ያወርዳቸዋል። አስተናጋጇም እንደ አጫጁ ከደጋ የወረደችና ገቢዋ በመኸር ላይ የቆመ ወቅታዊ ሠራተኛ ናት።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ከካርቱም የሸሹ ሱዳናውያን፣ ኢትዮጵያውያንና የሌሎች አገሮች ዜጎች በመተማ በኩል ገቡ፤ ለስደተኞቹም እንደ ኩመር ያሉ መጠለያዎች ተቋቋሙ። ከተማዋ ከእርሻው ወቅት ውጪ ይህን ያህል ሰው ስትቀበል የአልጋ እጥረቱ ገሃድ ወጣ። ከዚህ የሚወሰደው ፍርድ ግልጽ ነው፤ በምዕራብ ጎንደር ማደሪያ የእርሻው መሠረተ ልማት አካል ነው፣ ለሰሊጥ መጋዘን የሚታቀደውን ያህል ሰሊጡን ለሚያጭደው ሰው መኝታም ሊታቀድ ይገባል።