ገበጣ ወደ እጅ ስልክ ሲገባ

የሕዝብ ጨዋታ በአዲስ መሣሪያ ተቀርጾ ሲቀርብ የሂስ ተግባር የሠሪውን ትጋት በማመስገን ብቻ አያበቃም። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ከአሳዳጇ የምታመልጥ ዶሮን «ኩኩሉ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ2018 ለእጅ ስልክ አቅርቧል፤ ገበጣንም ወደዚያው መስተዋት አምጥቶታል። ጅምሩ የሚያኮራ ነው። ይሁን እንጂ ኩኩሉ የሠሪዎቹ ፈጠራ ሲሆን ገበጣ የሰፊው ሕዝብ ድርሰት ነው፤ ስለዚህም ከዚህ ዓይነቱ ሥራ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ የምንጠብቀው ከፍ ያለ ሊሆን ይገባዋል።

የጥንት መልክ ማልበስ ቀላሉ ክፍል ነው። ፒንቦል የሚባለውን፣ የብረት ኳስ በመስተዋት ሥር እየተመታ የሚንከባለልበትን የመጫወቻ ማሽን የሚሠራው የአሜሪካው ስተርን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 በቢትልስ የሙዚቃ ጓድ ስም በፈቃድ 1,964 ማሽኖች ማዘጋጀቱን አስታወቀ፤ ቁጥሩ 1964ን እንዲያስታውስ ነው። ሥዕሉና ዘፈኑ የ1960ዎቹ ሲሆን የኳሱ መንገድ ግን «ሲዊች» ከተባለው የ1980 ማሽን የተወሰደ ነው። ልብሱ የአንድ ዘመን፣ አካሉ የሌላ! ለቢትልስ ይህ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ ዘፈኑ ዘፈን ነውና። የገበጣ አካል ግን ሕጉ ነው። በሰሌዳው ላይ ሐረግ መሣልና ከበስተጀርባ ክራር ማሰማት ይዘቱን አያድነውም።

ሕጉስ የቱ ነው? ሪቻርድ ፓንክረስት በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተሙት ጥናት የአገራችንንና የአካባቢውን በርካታ የገበጣ ዓይነቶች መዝግቧል፤ ባለ ሁለት ረድፍ አለ፣ ባለ ሦስት ረድፍ አለ፣ «ላም ወለደች» የሚባለውም አለ። በቢቸና በኩል በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማረ ሰው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት መሆኑን ያውቃል፤ ሦስተኛ ቤት የጨመረ፣ ዜማው ቢያምርለትም፣ ጉባኤ ቃና አልተቀኘም። በቅኔ ስም የተጠራ ድርጅት ይህን ከማንም በላይ ሊረዳው ይገባል።

ፕሮግራሙን በተመለከተ፣ ኮምፒዩተር መቁጠር አይሳነውም። የገበጣ ዘመድ የሆነውን አዋሪን ሮሜይንና ባል የተባሉ የአምስተርዳም ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2002 ከ889 ቢሊዮን በላይ አቋሞችን አስልተው ፈትተውታል፤ ሁለቱም ወገን ካልተሳሳተ ጨዋታው እኩል ለእኩል ይወጣል። ታዲያ የማይሳሳት ባላጋራ ለጀማሪ ልጅ ምን ይረባዋል? የሚያመነታ፣ አንዳንዴ የሚስገበገብ፣ በልክ የሚሳሳት ባላጋራ ይቀረጽለት። ይህ ከፍጹሙ ይልቅ ከባድ ነው፤ የቴአትር ጸሐፊ እንደሚያውቀው ሞኝን መጻፍ ከብልህ ይልቅ ያደክማል። ጠጠሩም ተግተልትሎ ሳይሆን አንድ በአንድ ይውደቅ፣ ድምፁም ይሰማ። በየጉድጓዱ ላይ አኀዝ አይጻፍ፤ ቁጥሩ ከተጻፈ ተጫዋቹ በዓይኑ መገመቱን ይተዋል።

ሁለት ሰዎች አንዱን ስልክ መካከላቸው አኑረው ፊት ለፊት የሚጫወቱበት መንገድም ሊኖር ይገባል፤ ገበጣ ያለ ተመልካች ፌዝና ምክር ግማሽ ነው። ጨዋታው ሲከፈት ደግሞ በማን አገር ሕግ እንደሚጫወቱ አስቀድሞ ይጠይቅ። የአማኑኤል ወይም የሞጣ ልጅ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የአያቱን ገበጣ ማግኘት አለበት።