የሕክምና ጽሑፍ ፍለጋ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፦ ሂሳዊ ቅኝት

በኢትዮጵያ ስለ ሕክምና ቤተ መጻሕፍት ሲነሳ ቀድሞ የሚሰማው አቤቱታ የመጻሕፍትና የመጽሔቶች እጥረት ነው። አቤቱታው ለብዙ ዓመታት ፍጹም እውነት ነበር፤ ዛሬ ግን ከእውነቱ ግማሹን ብቻ ይናገራል። ብዙው ጽሑፍ ታትሟል፣ ተመዝግቧል፣ ከፊሉም ያለ ክፍያ ተከፍቷል፤ ሆኖም ከሕመምተኛው አጠገብ የቆመው ባለሙያ እጅ አይደርስም። ይህን ጉዳይ ለመመርመር ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የተሻለ ሥፍራ ማግኘት ያስቸግራል፤ ምክንያቱም በእነዚህ ከተሞች ርቀትን ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም።

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ከ2022 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ ሦስቱም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ከቡራዩ በአስኮ በኩል፣ ከሱሉልታ ደግሞ በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ መዲናዋ የሚገባ ሰው በ2007 የሕክምና ትምህርት ቤት ከተከፈተበት ከቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ብዙ አይርቅም። ከሰበታ በዓለም ገናና በአየር ጤና በኩል የሚመጣውም በመጀመሪያ አለርትንና በዚያው ግቢ በ1970 የተቋቋመውን የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ያገኛል፤ ጥቂት አልፎም በ1964 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በጥቁር አንበሳ አለ። በእነዚህ መንገዶች የሪፈር ወረቀት የያዙ ሕመምተኞች በየቀኑ ይጓዛሉ። የጽሑፍ ቅጂ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚጓዝበት የተደራጀ አሠራር ግን አልተለመደም።

ነገሩን በአንድ በሽታ መመርመር ይበጃል። በቅማል የሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳት የደጋው፣ የብርዱና የተጨናነቀ መኝታ በሽታ ነው። ሥራ ፍለጋ መጥተው በአንድ ጠባብ ክፍል ብዙ ሆነው የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች ባሉበት ሥፍራ ሁሉ ሊከሰት ይችላል። በደም ምርመራ የተረጋገጠለት ሕመምተኛ ፔኒሲሊን ከተወጋ በኋላ በሰዓታት ውስጥ በኃይል ሊንቀጠቀጥ፣ ሙቀቱ ሊያሻቅብ፣ ቀጥሎም የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል፤ ይህ ያሪሽ ሄርክስሃይመር የተባለው ግብረ መልስ ነው። ጉዳዩን ያላነበበ ባለሙያ መድኃኒቱ አልስማማ ያለ ሊመስለው፣ በካርዱም ላይ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ያነበበው ግን ሕመምተኛውን አስቀድሞ አስተኝቶ፣ ፈሳሽ አዘጋጅቶ፣ የደም ግፊቱን በየጊዜው እየለካ ይጠብቃል። ልዩነቱ የሕይወት ነው።

ስለዚህ ግብረ መልስ ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ የተሠራው በአዲስ አበባ ነው። በ1996 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን የወጣ ሲሆን፣ ጥናቱ ከፔኒሲሊን በፊት የሚሰጥ ፀረ ቲ.ኤን.ኤፍ. አንቲቦዲ ግብረ መልሱን ይከላከል እንደሆነ ፈትሿል። አንቲቦዲውን ከወሰዱት 20 ሕመምተኞች በ10ሩ፣ ካልወሰዱት 29 መካከል ደግሞ በ26ቱ ላይ ግብረ መልሱ ታይቷል። ለሱሉልታ ጤና ጣቢያ የመጀመሪያው ቁጥር እምብዛም አይጠቅምም፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት በጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ አይገኝምና። ሁለተኛው ግን ወርቅ ነው፤ ግብረ መልሱ የተለመደ እንጂ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ይነግራል። የጥናቱ ጸሐፊዎች ለማነጻጸሪያ ያቀረቡት አኃዝ ለጤና መኮንኑ ዋናው መልእክት መሆኑ ከጽሑፉ ማጠቃለያ ይልቅ ሠንጠረዡን የማንበብን ጥቅም ያሳያል።

አሁን ጥያቄው ይህ ጽሑፍ እንዴት ይገኛል የሚለው ነው። በርዕሱ ላይ «ግርሻ» የሚል ቃል የለም፤ «ኢትዮጵያ»ም «አዲስ አበባ»ም አልተጠቀሱም። ርዕሱ የግብረ መልሱን ስምና አንቲቦዲውን ብቻ ይዟል። በርዕስ ቃላት ብቻ የሚፈልግ ሰው በአጠገቡ ያልፈዋል። የቤተ መጻሕፍት ሙያ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ከ1960 ጀምሮ የሚጠቀምበት ሜሽ የተባለ የርዕሰ ጉዳይ መዝገበ ቃላት፣ ጸሐፊው የፈለገውን ስም ቢሰጠውም እያንዳንዱን ጽሑፍ በይዘቱ ይመድበዋል። በ1879 በወረቀት የጀመረው ኢንዴክስ ሜዲከስ በ2004 ኅትመቱን ቢያቆምም፣ ሥራው ከ1997 ጀምሮ ለሕዝብ ያለ ክፍያ በተከፈተው በፐብሜድ ቀጥሏል። የበሽታውን ስም በርዕሰ ጉዳይነት አስገብቶ «በመድኃኒት ማከም» የሚለውን ንዑስ ክፍል የመረጠ ሰው ጥናቱን ያገኘዋል፤ መጽሔቱም ስድስት ወር ያለፋቸውን የምርምር ጽሑፎች ለተመዘገበ አንባቢ ያለ ክፍያ ይከፍታል። እንግዲህ በዚህ ጉዳይ ላይ የጎደለው ገንዘብ አይደለም። የጎደለው አንድ ጊዜ በትክክል የሚያሳይ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው፤ ይህን ክህሎት ደግሞ ማንኛውም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያስተምረው የሚችለው ነው።

ሂናሪን በተመለከተ ምስጋናውም ወቀሳውም እኩል ሊነገር ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት ታላላቅ አሳታሚዎች ጋር በ2002 ሲጀምረው 1,500 ገደማ መጽሔቶችን ይዞ ነበር፤ ኢትዮጵያም ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት አገሮች ጎራ ተመደበች። ከዚያ በፊት ቤተ መጻሕፍቱ ለአንድ መጽሔት የዓመት ክፍያ የውጭ ምንዛሪ ሲለምን ለኖረ ተቋም ይህ ታላቅ ለውጥ ነበር። ይሁንና አሠራሩ የታሰበው ለተቋም ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ተቋም አንድ የመግቢያ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ይሰጠው ነበር፤ ተጠቃሚ ይሆናሉ ተብለው በቀዳሚነት የታሰቡትም የሕክምና ትምህርት ቤቶች፣ የምርምር ማዕከላትና የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ነበሩ። ተማሪው በትምህርት ቤቱ ግቢ ሳለ የዓለም መጽሔቶች ተከፍተውለት ይቆዩና፣ ተመርቆ ቡራዩ ሲመደብ፣ ማለትም ብቻውን መወሰን በሚጀምርበት ቀን፣ በሩ ይዘጋበታል። ከዚህም በላይ የተሰጠው ነገር ስጦታ እንጂ መብት አለመሆኑ በ2011 ታይቷል፤ በዚያ ዓመት ጥር ወር አንዳንድ አሳታሚዎች መጽሔቶቻቸውን ከባንግላዴሽ አንስተው ነበር፤ የመለሱት ብርቱ ተቃውሞ ከተሰማ በኋላ ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ ለጤና ጣቢያ ባለሙያ ይበልጥ የቀረበው ሥራ ሌላ ነው። በ1997 በካርተር ማዕከልና በኢትዮጵያ መንግሥት ትብብር በተጀመረው የሕብረተሰብ ጤና ሥልጠና መርሐ ግብር፣ የጎንደር፣ የጅማ፣ የዓለማያና የሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን የትምህርት ጥራዞችን አዘጋጅተዋል። የጥራዞቹ አደረጃጀት ብልህነት የተሞላበት ነው፤ አንድ ዋና ክፍል ለሁሉም፣ ከዚያም ለጤና መኮንኑ፣ ለነርሱ፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያውና ለአካባቢ ጤና ባለሙያው ለየብቻ የተዘጋጁ ተጓዳኝ ክፍሎች አሏቸው። ምሳሌዎቻቸው የኢትዮጵያ ናቸው፤ በነጻም ተሰራጭተዋል። ትልቁ ጉድለታቸው ዕድሜያቸው ነው። የወባ ጉዳይ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል፦ ኢትዮጵያ በ2004 ፋንሲዳርን ትታ አርቴሜተር ሉሜፋንትሪንን የመጀመሪያ መድኃኒት አድርጋለች። ከዚያ በፊት የተጻፈ ማናቸውም ጥራዝ በዚህ ረገድ ያረጀ ነው፤ ፋይሉ በስልክ ላይ ሲከፈት ግን እንደ ወረቀት አይወይብም፤ ዕድሜውንም በመልኩ አይናገርም። ስለ መደበኛው የሕክምና መመሪያም ተመሳሳይ ነገር ማለት ይቻላል። የ2004፣ የ2010 እና የ2014 እትሞች ከባለሙያ ወደ ባለሙያ ሲተላለፉ የሽፋኑ ገጽ ከጎደለ አንባቢው የትኛውን እንደያዘ አያውቅም። በቴሌግራም የሚዘዋወሩት የመማሪያ መጻሕፍት ደግሞ ከዚህ የባሰ ግራ ያጋባሉ።

ሰበታ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ የምትታወቅ ከተማ ናትና አንድ ነገር በዚህ አጋጣሚ መነሳት አለበት። አሮጌ ጽሑፎች በፎቶግራፍ መልክ ብቻ ሲነሱ በውስጣቸው ቃል መፈለግ አይቻልም፤ በድምፅ የሚያነብ የኮምፒዩተር ፕሮግራምም ከእነዚህ ገጾች አንዲት ቃል አያወጣም። ለማየት ለተሳነው አንባቢ እንዲህ ያለው ፋይል ያለመኖር ያህል ነው።

የመጨረሻው ጉድለት የቋንቋ ነው። በ1962 የጀመረው የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል በፐብሜድ ማውጫ ውስጥ ቦታ አግኝቷል፤ የብዙዎቹ አሮጌ ጽሑፎቹ ርዕስ ይገኛል፣ ሙሉው ገጽ ግን በአብዛኛው የታሰረው ጥራዝ ባለበት መደርደሪያ ይፈለጋል። በሦስቱ ከተሞች ባለሙያው የሕመምተኛውን ቃል በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ሰምቶ፣ በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ መልሶ በሕመምተኛው ቋንቋ ያስረዳል። ማውጫዎቹ የሚያገለግሉት የመካከለኛውን ደረጃ ብቻ ነው። በአማርኛ የሚታተሙ የሕክምና ጽሑፎች አብዛኞቹ ቁልፍ ቃል አይሰጣቸውም፣ የርዕሰ ጉዳይ መዝገብም የላቸውም። «ግርሻ» የሚለውን ቃል በፊደል ጽፎ ፐብሜድን ለሚጠይቅ ሰው የሚመለስለት ባዶ ገጽ ነው።