ትንሿ ማራገቢያ

የሳንባ ካንሰር የያዘው ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው «መስኮት ክፈቱልኝ» ይላል። እኛ ቤት ደግሞ ብርድ ይመታዋል ተብሎ መስኮቱም በሩም ይዘጋል፤ ጋቢም ይደረብበታል። ልክ ግን በሽተኛው ነው።

በባትሪ የምትሠራ፣ በእጅ የምትያዝ ማራገቢያ ትመሰክርለታለች። ከፊት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቆ ነፋሱን አፍንጫና የላይኛው ከንፈር ላይ ማድረግ፣ ቀስ እያሉም ከጉንጭ ወደ ጉንጭ ማዞር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኬምብሪጅ ጥናት የትንፋሽ ማጠር ያልለቀቃቸውን 50 ሰዎች ለ5 ደቂቃ አንዴ ፊታቸውን፣ አንዴ እግራቸውን አናፈሰ (ለማነጻጸሪያ እግርን መምረጣቸው ደስ ይለኛል)። የቀለላቸው ፊታቸው ላይ ሲነፍስ ነው። የፊትን ስሜት የሚያደርሰው ነርቭ ቅዝቃዜውን ለአንጎል ሲነግር መታፈኑ ረገብ ይላል ተብሎ ይታመናል።

እኔ በተለይ የምወድላት በሽተኛው ማንንም ሳይቀሰቅስ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ራሱ የሚያበራት መሆኗን ነው። ሐኪሙ ለትንፋሹ ሞርፊን ሲያዝ እሷንም አብሮ ቢያዝ ምን ይጎዳል? ሳንባውን ውሃ የከበበበት ሰው ግን መጀመሪያ ውሃው ይቀዳለት።