አካፋዩ ውስጥ ያለው ልጅ

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ ማራቶኑን ሲያሸንፍ እንጅባራ አንድ ሻይ ቤት ነበርኩ። ቤቱ ባንዴ ብድግ አለ። ጭብጨባው ሳይበርድ ግን ጥግ ላይ የተቀመጠ ወጣት ስልኩን እያየ፣ «ቆይ እስኪ፣ ይሄን ሁሉ ሕዝብ ይዘን በአንድ ወርቅ ነው እንዴ የምንጨፍረው? ግሬናዳ የምትባል አገር እንኳ ትበልጠናለች» አለ። አጠገቡ የነበሩ አዛውንት ገላመጡት። «አንተ ልጅ፣ ዛሬን እንኳ ደስ ይበለን!»

ወጣቱ የሚያየው ሜዳሊያን ለሕዝብ ብዛት የሚያካፍል ሰንጠረዥ ነበር። ኦሊምፒክ በመጣ ቁጥር ይህ ሰንጠረዥ አብሮ ይመጣል፤ ፍትሐዊ ነኝም ይላል። እኔ ደግሞ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ላነበው ፈለግሁ፤ ማንን ይናገራል፣ ማንን ይደብቃል?

የሚለው ይህን ነው። ግሬናዳ ወደ 117 ሺህ ሕዝብ ይዛ ፓሪስ ላይ ሁለት ነሐስ አገኘች፤ ለ58 ሺህ ሰው አንድ ሜዳሊያ መሆኑ ነው። ኢትዮጵያ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዛ አንድ ወርቅና ሦስት ብር አገኘች፤ ለ30 ሚሊዮን ሰው አንድ። ህንድማ ከ1.4 ቢሊዮን ሕዝቧ ጋር ስድስት ብቻ።

ያስደነግጣል አይደል? እስኪ ስሌቱን ገልብጠን እንሥራው። ኢትዮጵያ ከግሬናዳ እኩል ለመሆን ከ2,000 በላይ ሜዳሊያ ያስፈልጋታል። በፓሪስ የነበሩት ውድድሮች ግን 329 ናቸው፤ የተሰጠው ሜዳሊያ ሁሉ ተደምሮ ከ1,000 ብዙም አይበልጥም። ወርቁንም፣ ብሩንም፣ ነሐሱንም ጠራርገን ለሌላው ዓለም አንዲት ሳናስቀር ብንመጣ፣ በዚህ ሰንጠረዥ አሁንም ግሬናዳ ፓሪስ ላይ ካስመዘገበችው በታች ነን። ሚዛኑ ገና ሳንሰፈር ፈርዶብናል ማለት ነው።

ኮታውም አለ። በአትሌቲክስ አንድ አገር በአንድ የግል ውድድር ከሦስት ሰው በላይ ማሰለፍ አይችልም። ሕዝባችን በእጥፍ ቢጨምር አራተኛዋ የ10,000 ሜትር ሯጭ አዲስ አበባ ተቀምጣ ነው የምታየው። አካፋዩ ያድጋል፣ ተካፋዩ ላይ ግን ጣሪያ ተሠርቶበታል። በሌላ በኩል ዶሚኒካን ያነሣት አንዲት ሴት ናት፤ ቲያ ላፎንድ በስሉስ ዝላይ ወርቅ አገኘች፤ አገሯም ወርቅን ለሕዝብ በሚያካፍለው ዝርዝር አናት ላይ ወጣች። ያን ቀን ቁርጭምጭሚቷ ዞሮ ቢሆን ኖሮ አገሯ ከአናት ወደ ዜሮ ነበር የምትወርደው። በአንድ ሰው እግር ላይ የቆመ ደረጃ ስለ አገር ምን ይነግረናል?

እንዲህ ስል መደበኛው ሰንጠረዥ ይሻላል ማለቴ አይደለም። እሱማ ጭራሽ ብዛትንና ሀብትን አብሮ ያጨበጭብላቸዋል። አንድሩ በርናርድና ሜገን ቡሲ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት የአገር ጠቅላላ ሀብት የሜዳሊያን ብዛት ለመገመት ዋናው መለኪያ መሆኑን አሳይተዋል።

እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ሰንጠረዡ «ኢትዮጵያ» ሲል ማንን ነው? እስከ ፓሪስ ካገኘናቸው 62 ሜዳሊያዎች አንዱም ከአትሌቲክስ ውጭ አይደለም። ከ24ቱ ወርቆች ደግሞ ደራርቱ ቱሉ ሁለት፣ ፋጡማ ሮባ አንድ፣ ቀነኒሳ በቀለ ሦስት፣ ጥሩነሽ ዲባባ ሦስት፤ እነዚህ ዘጠኙ ከአንዲት የአርሲ ከተማ፣ ከበቆጂ ልጆች ናቸው። ቦታዋ ከፍታ አለው ይባላል። ልክ ነው፤ እንጅባራም ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፣ ብርዷን የሚያውቅ ያውቀዋል። በቆጂ ከከፍታው በላይ ስንታየሁ እሸቱ ነበራት፤ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኖ ልጆቹን እያየ፣ እየለየ ያሠለጠነ ሰው።

ከዳንግላ ወደ ገጠሩ ወጣ ስትሉ ደብተር በክንዳቸው ይዘው ሽቅብ የሚሮጡ ልጆች ታያላችሁ። ከነሱ ስንቱ ነው ሰዓት ተይዞለት የሚያውቅ? ጥር 23 ሲደርስ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር እንጅባራ ላይ ሽምጥ የሚጋልበውን ጎረምሳ ያየ ሰው፣ ይህ ችሎታ በየትኛው ዓምድ እንደሚጻፍ ይጠይቅ። ኦሊምፒክም የፈረስ ውድድር አለው፤ የኛን ጉግስ ግን አያውቀውም። ይህ ጎረምሳና ያ ተማሪ ከ120 ሚሊዮኑ ውስጥ አሉ፤ አካፋዩን ያገዝፋሉ። ወደ ተካፋዩ የሚያደርስ መንገድ ግን ማንም አላሳያቸውም። «ለ30 ሚሊዮን አንድ» የሚለው ቁጥር ስንፍናችንን የሚለካ ይመስላል እንጂ እነዚህን ያልተሞከሩ ልጆች ነው አብሮ የሚቆጥረው።

ይህን በአጭሩ ለወጣቱ ነገርኩትና፣ «እስኪ አዊን ብቻ ለይተህ አውጣልኝ» አልኩት። ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገው።

«በዞን አያሳይም ጋሼ» አለኝ።