የማይክል ጆርዳን መሠዊያ፦ «ክራምብስ» ሲደጋገም

«ክራምብስ» 68 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ፊልም ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በሮተርዳም ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ሲታይ ብዙዎች የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ብለው ተቀበሉት። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፤ ዋና ተዋናዮቹ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ፣ ቋንቋው አማርኛ። በከተማዬ በጉደር ተቀምጬ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥር ፍቅሬ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዓለም ከጠፋች በኋላ ካንዲና በርዲ የተባሉ ጥንዶች በተተወ የቦውሊንግ መጫወቻ አዳራሽ ይኖራሉ። ሰማይ ላይ ለዓመታት ሳትንቀሳቀስ የቆየች መንኮራኩር ድንገት የመነሣት ምልክት ታሳያለች፤ ካንዲም መልስ ፍለጋ ይወጣል። የኒል ብሎምካምፕ ፊልም «ዲስትሪክት 9» (2009 እ.ኤ.አ.) የራሱን መንኮራኩር ጆሃንስበርግ ላይ ሲያንጠለጥል የመጻተኞችን ጉዳይ የፖለቲካ ጥያቄ አድርጎታል። ያንሶ ግን ወደ ላይ እምብዛም አያይም። ካሜራው የሚያተኩረው ከታች በቀሩት ቁሳቁሶች ላይ ነው፤ የፊልሙ ጉልበትም ያለው እዚያ ይመስለኛል።

በርዲ ለቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ለማይክል ጆርዳን መሠዊያ ሠርታ ትጸልያለች። ሰላም ተስፋዬ ይህን ትዕይንት ስትጫወት ፊቷ ላይ የፌዝ ጥላ የለም፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ የለመደ ጸሎት ድምፅ ነው። ተመልካቹ መሳቅ ይጀምርና ያፍራል። የአሮጌ ዕቃ ነጋዴው ትዕይንትም እንዲሁ ነው። የማይክል ጃክሰንን ሸክላ የመሰለ ዕቃ ሲቀርብለት አገላብጦ ያይና ማን እንደተጠቀመበት፣ ምን ያህል እንደሚያወጣ በሊቅ ወግ ያስረዳል። የሚለው ሁሉ ሐሰት ነው፤ ግን ዋጋ የሚቆረጠው በዚያ ሐሰት ነው።

የውጭ ሐያሲ ይህን የምዕራቡ የፍጆታ ባህል ሽሙጥ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ከጉደር ሲታይ ግን ሌላ ነው። ገበያችን ልባሽ ጨርቅ የሞላበት ነው፤ ጀርባው ላይ የጆርዳን 23 ቁጥር የተጻፈበት ቀይ የቺካጎ ቡልስ ካናቴራ ለብሶ የሚያርስ ገበሬ ማየት ብርቅ አይደለም። ካናቴራው ታሪኩን ባሕር ማዶ ጥሎ መጥቷል፤ እዚህ የሚያገኘው አዲስ ታሪክ ነው። ፊልሙ ለሩቁ ዘመን ያስቀመጠው ነገር ለእኛ ትናንት የጀመረ ኑሮ ነው። ባለታሪኮቹን ሳያዋርድ ይህን ማሳየቱ ከየትኛውም የኮምፒውተር ተአምር ይበልጥብኛል።

ፊልሙ የሚከፈተው ዳሎል ላይ ነው። እዚያ የሚታየው ፍርስራሽ በተለያየ ጊዜ ፖታሽ ሊያወጡ የመጡ የውጭ ድርጅቶች ጥለውት የሄዱት እንጂ ለፊልሙ የተሠራ አይደለም። ምርጫው ብልህ ነው፤ ሙግቴም ከዚሁ ይነሣል። ዳሎልን የዓለም ፍጻሜ ምስል ማድረግ ለእንግዳ ዓይን ይቀላል። የአፋር ሰዎች ግን በዚያው አካባቢ ጨው እየቆረጡ በግመል ይጭናሉ፤ ለእነሱ ቦታው የዛሬ እንጀራ ነው። ፊልሙ ይህን ሕይወት አላየውም። የሚመለኩትና የሚሸጡት ዕቃዎችም በአብዛኛው ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ከእኛ ዘመን ምን ተረፈ? የአምቦ ውኃ ጠርሙስ፣ በከተማችን ስም የሚጠራው የጉደር ወይን ጠርሙስ ከነጽሑፉ፣ ከሺህ ዓመት በኋላ በማን እጅ ይገኛል? ያ ነጋዴስ አገላብጦ ሲያየው ምን ብሎ ያወራለት ነበር?

ይህ ጉድለት ፍቅሬን አላቀዘቀዘውም። እንዲያውም ፊልሙ በር ከፍቶ ስለተወው ደጋግሜ የምመለስበት ይመስለኛል። በዚያ በር ለመግባትም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ፊልም ሠሪው ክሪስ ማርከር በ1962 እ.ኤ.አ. «ላ ጄቴ»ን ከሞላ ጎደል በማይንቀሳቀሱ ፎቶግራፎች ብቻ፣ በ28 ደቂቃ ሠርቶ ስለ መጪው ዘመን ከተሠሩት ታላላቅ ፊልሞች ተርታ አሰልፎታል። ገንዘብ አነሰን የሚለው ሰበብ በሁለቱም ፊልሞች ፊት አይቆምም።

ስለዚህ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ ያላችሁ ካሜራ የያዛችሁ ወጣቶች፣ «ክራምብስ»ን ፈልጋችሁ እዩት። ከዚያም በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ፣ በራሳችን ዕቃና በራሳችን መንደር የቆመውን ቀጣዩን ፊልም ሥሩልን።